ከአውራ ጣት ሥር

«የማሻዋ ልጅ እኮ ደሴ ሄዳ እጇን እዚያው ትታው መጣች» አለች እታገኘሁ፣ ምስሩን ሰፌድ ላይ እየለቀመች።

አልታየች አክስቷ ይህን ወሬ ስንት ጊዜ እንዳወራችው መቁጠር ከተወች ቆይታለች። ባለፈው ሳምንት ልጅቷ የደጎሎ ነበረች። ከዚያ በፊት ደግሞ ልጅ ሳትሆን ሙሽራ ነበረች፤ የተቆረጠውም ቀለበት ያለበት እጅ ነበር። ዛሬ ማሻ ደርሳለች። በዚህ አካሄዷ እስከ ሰኞ አቀስታ ትገባለች።

«ስሟ ማነው?» አለች አልታየች።

«የማን?»

«የማሻዋ ልጅ ነዋ።»

«ስሟ ምን ይሠራልሻል? እጅ የላትም እያልኩሽ!»

አልታየች በባልዲው ውኃ ልታመጣ ተነሣች። ባልዲውን ያነሣችው በግራ እጇ ነው። ቀኟን ሹራቧ ኪስ ውስጥ ከታዋለች፤ እዚያ ማስቀመጥ ልማዷ ሆኗል።

እጇ የተጎዳው ሰባተኛ ክፍል እያለች ነው። ከጓደኛዋ ከሀያት ጋር ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ዝናብ አባረራቸውና፣ እርጥቡ ኮብልስቶን ላይ አዳልጧት መዳፏን ዘርግታ ወደቀች። ወደ ሐኪም ቤት መሄድ የሚባል ነገር ማንም አላነሣም። አባቷ አሳምነው ወጌሻ ነው። መካነ ሰላምና በዙሪያዋ ያሉ ቀበሌዎች ትከሻ ሲወልቅ፣ ቁርጭምጭሚት ሲዞር የሚሮጡት ወደ እሱ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ የወለቀ ትከሻ ሲመልስ ያየ ሰው ደግሞ አይጠራጠረውም። የእሷንም አንጓ በለጋ ቅቤ አሸው፣ ዳበሰው፣ «ወለምታ ነው» አለ፣ አሰረው። እብጠቱም ጎደለ።

ሕመሙ ግን ከአውራ ጣቷ ሥር ቤት ሠርቶ ተቀመጠ። አልታየችም ጎረቤት እንደሚለመደው ለመደችው። በግራ መቅዳት፣ በግራ በር መግፋት፣ ስትጽፍ ከሁለት መስመር በኋላ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ማረፍ። በኋላ በኋላ ያማት እንደሆነ ቢጠይቋት፣ ቆም ብላ ማሰብ ያስፈልጋት ጀመር። ቤት ውስጥ የሚጠይቃት ግን አልነበረም።

በገበያ ቀን በራቸው ላይ ሰው ይሰለፋል። የፈራ ሲያለቅስ እታገኘሁ ትነሣና፣ «ያቻትላችሁ የገዛ ልጁ! እጇ እንዲህ ሆኖ ነበር፣ ይኸው ድናለች። አሳዪያቸው እስቲ፣ አልቲ!» ትላለች። አልታየች ቀኝ እጇን ከኪሷ አውጥታ ጣቶቿን ታንቀሳቅሳለች። ሰዉ ተመስገን ይላል። ጣቶቿ እኮ ምንም አልሆኑም ነበር፤ ሕመሙ ያለው እነሱ ጋ አይደለም።

ዘጠነኛ ክፍል ላይ ነገሩን ያበላሸው የስፖርት መምህሩ ወንድዬ ነው። የተግባር ፈተናው ፑሽ አፕ ነበር።

«አልታየች! መዳፍሽን መሬት አስነኪ። በቡጢ የሚሠራው ካራቴ ነው።»

አስነካች። አንዴ ወረደች፤ ስትነሣ አንጓዋ እጥፍ አለና በአገጯ ተደፋች። ከኋላ የነበሩት ሳቁ። ተነሥታ አቧራዋን በግራ እጇ አራገፈች። አገጯ ደምቷል።

«አመመሽ?» አላት መምህሩ።

«እንጃ።»

አልዋሸችውም። በእርግጥም አታውቀውም ነበር።

«ከሐኪም ወረቀት ካላመጣሽ ዜሮ ነው የምሰጥሽ። በኋላ እንዳታለቅሺብኝ።»

«ይህቺ ልጅ እንደማታለቅስ እኮ ማወቅ ነበረባቸው» አለች ሀያት፣ ወደ ቤት ሲሄዱ። «ስሚ፣ ዜሮ ከምትበዪ ራጅ ተነሺ፣ አቦ። ወላሂ እኔ እወስድሻለሁ።»

«አባዬ ቢሰማስ?»

«አባትሽ የሚሰሙት በጣታቸው ነው። እኔ ካልተናገርኩ ማን ይነግራቸዋል?»

በከተማው ሆስፒታል ያያት ወጣት ሐኪም ፊልሙን መብራቱ ላይ ሰቅሎ፣ ከአውራ ጣቷ ሥር ያለችውን፣ የባቄላ ፍሬ የምታክል አጥንት በእስክሪብቶው ጫፍ አሳያት። መሃሏ ላይ ጥቁር ክፍተት አለ።

«ለሁለት ተከፍላለች። ይህቺ አጥንት ደም የሚገባላት በአንድ ጫፍ ብቻ ነው። መሃሏ ሲሰበር ያኛው ወገን ይራባል። ያንቺ ቆይቷል፤ እዚህ አይሠራም፤ ኦፕራሲዮን ስለሚያስፈልገው ደሴ ነው የምልክሽ። ካልተሠራ እጅሽ እየደረቀ ይሄዳል፤ ማጠፍም መጨበጥም ያቅትሻል። ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል።»

«ቤተሰብ ይዘሽ ነይ። አባትሽ ምን ይሠራሉ?»

ሀያት አልታየችን አየቻት።

«ገበሬ ነው» አለች አልታየች። መሬት ስላለው ውሸት አልነበረም።

ቤት ስትገባ ፊልሙን ራሷ ሰጠችው። አሳምነው ተቀብሎ ወደ በሩ ብርሃን አዞረው። ገለበጠው። መልሶ አቀናው።

«ምንድነው ይሄ?»

«እጄ ነው።»

«እኔ የነካሁት እጅ እንዲህ አይደለም» አለና ፊልሙን ከሣጥኑ ጀርባ ሻጠው። አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻላት ነበር፤ ለቁጣ ቢያንስ መልስ ይሰጣል። «ከፋሲካ በኋላ እናየዋለን።»

«ደሴ?» አለች እታገኘሁ ከጓዳ። «ያቺ የማሻዋ ልጅ...»

እናቷ ከምትሠራበት ከቤሩት ደወለች። «እጅሽስ እንዴት ነው?» ብላ እንደ ሁልጊዜው ጠየቀች። «ደህና ነው» አለች አልታየች፣ እሷም እንደ ሁልጊዜው። ፋሲካም መጣ፤ አለፈ። ደሴን ያነሣ የለም። አልታየች ማታ ማታ ጣቶቿን እያጠፈች እየዘረጋች ታያቸዋለች። ልትናደድ ሞከረች፤ አልመጣላትም። ሐኪሙ ያለው ስለ ሌላ ሰው እጅ የተነገረ ይመስል ነበር።

ከዚያ በአንድ የገበያ ቀን ጀብሪል መጣ። ጀብሪል ባጃጅ ይነዳል፤ በከተማው ውስጥ ያላሳፈረው ሰው የለም። ቁልቁለቱ ላይ ጠጠር አንሸራትቶት ተገልብጦ በመዳፉ ነው ያረፈው።

«አያ አሳምነው፣ አፈር ስሆን ይህችን እጅ ይዩልኝ። መሪ መጨበጥ አቃተኝ።»

አሳምነው አስቀመጠው። አልታየች የቅቤውን ጣሳ ይዛ አጠገቡ ቆመች። አባቷ አንጓውን እየዳበሰ ከአውራ ጣቱ ሥር ሲደርስ ጀብሪል ጥርሱን ነከሰ። አልታየች ያቺን ቦታ ታውቃታለች። ዓይኗን ጨፍና ብትሄድ አትስታትም።

«ወለምታ ነው» አለ አሳምነው። «አልተሰበረም።»

«አልሐምዱሊላህ። ግን ልጆቹ ራጅ ተነሣ ይሉኛል... ምን ይላሉ?»

«መብትህ ነው።»

ጀብሪል አፈረ። ወደ አልታየች ዞረ። «አንቺ፣ ያንቺም እንዲህ ሆኖ ነበር አይደል? በአላህ ንገሪኝ፣ ድነሻል?»

ተራ የሚጠብቀው ሁሉ አያት። አባቷ አላያትም። በጀብሪል አንጓ ላይ ያለው ጣቱ ግን ቆሟል።

«ድኛለሁ» አለች።

በቀላሉ ወጣላት። ስትዋሽ ጆሮዋ ይግል ነበር፤ ዛሬ እሱም አልጋለም። ጀብሪል ሳቀ፤ «እንግዲያማ አብሽር!» ብሎ እጁን አሳስሮ ሄደ።

ሰዉ ካለቀ በኋላ አሳምነው እጁን ታጠበ። ታጥቦ ጨርሶም ፎጣውን አለቀቀም።

«ጣሳውን በግራሽ ነው የያዝሽው» አለ።

«ለምጄው ነው።»

«ሙሉውን ቀን። ያ ሁሉ ሰው ሲገባ ሲወጣ።»

ጣሳውን ወደ ቦታው መለሰች።

«ነገ ጠዋት ደሴ እንሄዳለን። ለሰው ግን ለዓይኗ ነው እንላለን። ሰማሽ እታገኘሁ? ለዓይኗ።»

«ዓይኗንም ያወጡታል!» አለች እታገኘሁ።

መናኸሪያ ያደረሳቸው ጀብሪል ራሱ ነው፣ በአንድ እጁ እየነዳ። «ዓይንሽን አላህ ያሽርልሽ» ብሎ ሸኛት። ሚኒባሱ ውስጥ አባቷ በመስኮት እያየ፣ እሷ የፊቷን ወንበር እያየች ሄዱ። አቀስታ ላይ ብርዱ በተሰበረው መስታወት ገባ፤ አሳምነው ጋቢውን አውልቆ አለበሳት።

ደሴ ላይ ተራ መጠበቅ ነበር። ተራቸው ሲደርስ የተቀበላቸው ሙሐሲን የሚባል የአጥንት ሐኪም ነው፤ ቀጭን፣ ሲናገር የማይቸኩል ሰው።

«የሞተውን ጠርገን እናወጣለን። ከክንድሽ አጥንት ጫፍ ላይ ትንሽ ቆንጥረን ክፍተቱን እንሞላለን። ከዚያ በትንሽ ብሎን እናስራለን። ይገጥማል ብዬ አልምልልሽም፤ ደም ከደረሰው ይገጥማል። ያኔ በወደቅሽ ሰሞን ብትመጪ ጀሶ ብቻ ይበቃሽ ነበር። ማን ነው ያሸሽ?»

አሳምነው ወለሉን እያየ ነበር።

«አንድ ወጌሻ» አለች አልታየች።

ጀሶ ብቻ ይበቃሽ ነበር። ከቢሮው ሲወጡ ይህቺ ቃል ተከተለቻት። ያሰበችው ግን ስለ ራሷ አይደለም። ጀብሪል የወደቀው በዚሁ ሰሞን ነው።

በኦፕራሲዮኑ ቀን ከብብቷ ሥር በመርፌ ወጓት። መጀመሪያ ጣቶቿ ሞቁ፣ ቀጥሎ ከበዱ፣ ከዚያ ጠፉ። ክንዷን አንሥተው ወደ ጎን ሲያስቀምጡት የሌላ ሰው ክንድ ያለፈ መሰላት። በፊቷና በእጇ መካከል አረንጓዴ ጨርቅ ጋረዱ። ከጨርቁ ወዲያ መሰርሰሪያ ጮኸ፤ እንደ አናጢ ቤት። ነርሷ «ፈራሽ?» አለቻት። አልታየች አሰበች። አልፈራችም። ከጨርቁ ወዲህ ያለውም ገላዋ መርፌ የተወጋ ይመስል ነበር፣ እንዲያውም ከብዙ ጊዜ በፊት።

ወደ መኝታ ክፍል ሲመልሷት እጇ እስከ ክርኗ በጀሶ ተሸፍኖ ትራስ ላይ ተቀመጠ። አጠገቧ ያለው አልጋ ላይ እግሩ የተሰበረ ሰው ተኝቷል፤ የምታስታምመው ሚስቱ ከአቀስታ የመጣች ወሬኛ ናት።

«እህቴ፣ የመካነ ሰላሟን ልጅ ሰምተሻል?» አለቻት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «የወጌሻ ልጅ ናት አሉ። ዛሬ ጠዋት እጇን ቆረጧት። ምስኪን!»

አልታየች ትራሱን አየች። ከጀሶው ጫፍ የወጡት ጣቶች የራሷ ይመስላሉ፤ ተንቀሳቀሱ ብትላቸው ግን አልሰሙም። በግራ እጇ አንድ በአንድ ነካቻቸው። ጣቷ ጣት ነካ፤ ጣቶቿ ግን መነካታቸውን አላወቁም። ለአፍታ ያህል ሴትዮዋን አመነቻት።

«ስሟ ማነው?» አለች ከዚያ።

«እንዴ፣ ስሟን እኔ በምን አውቄው!»

ማደንዘዣው ሲለቅ ሕመሙ መጣ። ቀስ ብሎ አልነበረም፤ በሩን በርግዶ ነው የገባው። አልታየች አለቀሰች። ቤት ሠርቶ ከተቀመጠው ከዚያኛው ሕመም ጋር ዝምድና አልነበረውም፤ ይሄኛው ያስጮኻል፣ ያስለምናል። ነርሷ መድኃኒት ሰጠቻት። አሳምነው ሕመሙ ቀለል እስኪላት ድረስ ፊቷን በጋቢው ጫፍ ሲጠርግ ቆየ። ስታለቅስ ካያት ስንት ጊዜ እንደሆነው እሱም አያስታውስም።

በማግሥቱ ጠዋት ከቁርስ በኋላ ግራ እጇን ዘረጋች።

«አባዬ፣ ስልክህን ስጠኝ።»

«ለእናትሽ?»

«ለጀብሪል።»

አሳምነው ስልኩን ከኮቱ የውስጥ ኪስ ለማውጣት ብዙ ጊዜ ፈጀበት። አውጥቶም ያዘው።

«ይህን ካልሽው መካነ ሰላም ከኛ ቀድሞ ይሰማል» አለ።

«አውቃለሁ።»

«በራችን ላይ ሰው አይቆምም።»

እጇን አላጠፈችም። አሳምነው የአቀስታዋን ሴት አያት፤ ሴትዮዋ እንደማትሰማ ለመምሰል የባሏን ብርድ ልብስ አስተካከለች። ስልኩን ሰጣት።

«ሄሎ፣ ጀብሪል? አልታየች ነኝ።»

«አልታየች! ዓይንሽስ? ተሻለሽ?»

«ዓይኔ ደህና ነው። ዓይኔ ምንም አልሆነም። የታከምኩት እጄን ነው። ያን ቀን ድኛለሁ ያልኩህ ውሸቴን ነው፤ አልዳነም ነበር፣ ተሰብሮ ነው የከረመው። ያንተም እንደኔ ሊሆን ስለሚችል ዛሬውኑ ሂድና ራጅ ተነሣ። አሁን ከሆነ ጀሶ ብቻ ይበቃሃል።»

ከወዲያ የባጃጅ ሞተር ተሰማ፤ ጠፋ።

«አባትሽ እኮ አልተሰበረም ብለውኛል።»

«ብሎሃል።»

«ይህን ስትዪኝ እሳቸው ያውቃሉ?»

«አጠገቤ ነው ያለው።»

«እሺ» አለ ጀብሪል። ይሂድ አይሂድ ከድምፁ መለየት አልቻለችም። ስልኩን መለሰች።

አሳምነው አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ለዚያ ልጅ አልዋሸሁትም» አለ። «ላንቺም።»

«ዋሸህ አላልኩም።»

«አታውቂማ። ሰው ሲመጣ እንዴት እንደምለይ ነግሬሽ አላውቅም። የሱን እዳብሳለሁ፤ እሱ ሲሄድ ወይም ሳያየኝ የራሴን እዳብሳለሁ። ከኔ የተለየ ከሆነ ተሰብሯል። አንድ ከሆነ አልተሰበረም። ያንቺ ከኔ ጋር አንድ ነበር። የጀብሪልም አንድ ነው። ይኸው!»

እጅጌውን ሰብስቦ በግራ አውራ ጣቱ የቀኝ አንጓውን ተጫነ፣ ከአውራ ጣቱ ሥር። ሲጫን ቅንድቡ ተኮማተረ። በጣም ትንሽ ነበር፤ አልታየች ግን አየችው። የገዛ ፊቷ ላይ የሚሆነውን ታውቃለች።

«ያምሃል?»

«እዚህማ የማያመው ማን አለ?»

አልታየች ግራ እጇን ዘረጋችለት። «የኔን ግራ ተጫነው።»

ተጫነው። ፊቷን እያየ ነበር።

«አሞሻል?»

«አላመኝም።»

ጠበቅ አደረገው። «አሁንስ?»

«አላመኝም፣ አባዬ። የራስህንስ ግራ?»

«ግራዬ የሚዳብሰው ነው» አለ። «ግራዬን ዳብሼው አላውቅም።» ግን ተጫነው። ለቀቀው። ደግሞ ተጫነው፤ በዚህኛው ጊዜ ከሥጋው ውስጥ የጠፋበት ነገር ያለ ይመስል በዝግታ እየፈለገ። ከዚያ ሁለቱንም እጆቹን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ተመለከታቸው።

ዶክተር ሙሐሲን ለጉብኝት ሲገባ አሳምነው ተነሥቶ ቀኝ እጁን ዘረጋለት። ዶክተሩ ለሰላምታ መስሎት ሊጨብጠው ነበር።

«ይህን ይዩልኝ፣ ዶክተር» አለ አሳምነው።

ዶክተሩ ዳበሰው፣ አጠፈው፣ ዘረጋው። አንድም ጥያቄ ሳይጠይቅ ወደ ራጅ ክፍል ላከው። ከሰዓት በኋላ ዶክተሩ ሲመለስ ሥዕሉን በስልኩ ይዞት መጣ፤ አልጋው አጠገብ ቆሞ ለሁለቱም አሳያቸው። ያቺው ትንሽ አጥንት ናት። ያው ክፍተት አለ፤ ዳርና ዳሩ ግን የወንዝ ድንጋይ ይመስል ተድበልብሏል።

«ይሄ የተሰበረው ይህቺ ልጅ ሳትወለድ ነው፣ አባባ» አለ ዶክተሩ። «ዙሪያው ሁሉ ተበልቷል። አሁን ምንም አናደርግለትም።»